ሕግ ያልደረሰበት ነጋዴ

በ1930 ዓ.ም. ገደማ የጣሊያን አስተዳደር የአዲስ አበባን ትልቅ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። በዚያ ዘመን የጅምላው ንግድ በህንዶች፣ በአረቦች፣ በአርመኖችና በግሪኮች እጅ ነበር። የሰፈሩን ችርቻሮ «አረብ ቤት» የሚባለው የየመናዊው ሱቅ ይዞት ነበር። ከቸሃና ከእዣ፣ ከሶዶና ከመስቃን የመጣው የጉራጌ ልጅ ሸክም ተሸከመ፣ ጫማ ጠረገ፣ ቆይቶም ጥቂት ሸቀጥ በደረቱ አንግቶ መንደር ለመንደር ዞረ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ግን የመርካቶ ሱቆች ቁልፍ አንድ በአንድ እጁ ገባ።

ያን ለውጥ ያመጣ አዋጅ የለም፤ የመንግሥት ብድርም ሆነ የቀረጥ ምሕረት አላገዘውም። ባንክ መያዣ ሲለው እቁብ ዋስ ብቻ ጠየቀው። ዕጣ የወጣለት ሱቅ ከፈተ፤ ያልወጣለት ተቀጥሮ እየሠራ ተራውን ጠበቀ። ትርፉ አገር ቤትንም አልረሳም። በ1950ዎቹ ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር ሲቋቋም፣ ገንዘብ ካዋጡት መካከል የሶዶ ጉራጌ ነጋዴዎች ነበሩ። ሰባት ቤት ጉራጌም የራሱን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቆመ። በዚያ መንገድ የማረቆና የመስቃን በርበሬ ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ በጅማው መንገድ በወልቂጤ በኩል ደግሞ ጫቱና ቆጮው ተጫነ። ጨውና አቡጀዲ በተራው ወደ ታች ወረደ።

ከዚህ መነሳቴ በምክንያት ነው። የጉራጌ ከተሞች የንግድ ውድድርን ያወቁት ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ነው። ከመንግሥት ብዙ አልጠየቁም። የፈለጉት ከፊታቸው የሚቆመው ተወዳዳሪ እንደ እነሱ በራሱ ገንዘብና በራሱ ጉልበት እንዲቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት አዋጆች ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳለፉት በቅደም ተከተል መናገር ይቻላል።

የመጀመሪያው ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። አንቀጽ 133 ያልተገባ ውድድርን ከለከለ፤ የሌላውን ነጋዴ ስም ማጥፋትን፣ ደንበኛ የሚያደናግር ማስመሰልን። ሕጉ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የሚያየው አንዱ ነጋዴ በሌላው ላይ የሚሠራውን ተንኮል ብቻ ነው። ገበያን ጠቅልሎ ስለሚይዝ ድርጅት ምንም አላለም፤ መንግሥት አንዱን ደግፎ ሌላውን ቢጥል ምን እንደሚደረግም አልተጠየቀም። በዘመኑ ይህን የሚጠይቅ ሕግ አፍሪቃ ውስጥ ብዙም አልነበረምና ሕግ አውጪውን በዚህ መውቀስ አይገባም።

ደርግ ሲመጣ ጥያቄው ራሱ ተዘጋ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ተወረሱ፤ በማግሥቱ ወር ከሰባ በላይ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ተከተሉ። የጉራጌን ነጋዴ በቀጥታ የነካው ግን በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ነው። የግል ባለሀብት ካፒታል ጣራ ተቆረጠለት፤ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000፣ ለችርቻሮ 200,000። አንድ ሰው ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ እንዳይይዝ ተደረገ። እቁብ ጠጥቶ ከችርቻሮ ወደ ጅምላ፣ ከጅምላ ወደ አስመጪነት ይሸጋገር የነበረ ሰው መሰላሉ ከመሃል ተቆረጠበት።

በላዩ ላይ የቆመው መንግሥት ነበር፤ ያውም በነጋዴነት። የአገር ውስጥ ምርት የሚያከፋፍል፣ የውጭ ሸቀጥ የሚያስገባ፣ ቡና የሚገዛ ኮርፖሬሽን ለየብቻ ተቋቋመ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ኮታ እየጣለ በተቆረጠ ዋጋ እህል ሰበሰበ። ፈቃድ ያለው የእህል ነጋዴም ከገዛው ላይ ግማሹን፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ፣ ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ተገደደ። በየመንገዱ ኬላ ቆመ፤ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው አንድ ጆንያ ማሻገር ወንጀል ሆነ። ወልቂጤ በጨቦና ጉራጌ፣ ቡታጅራ በሃይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበሩ፤ ሁለቱም በሸዋ ክፍለ ሀገር። እንሰት ባይኖር የኬላው ዘመን ለጉራጌ ገበሬ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ያስጨንቃል። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ ሲያውጅ ኮታውም ኬላውም ተነሳ፤ የደርግ ዕድሜ ግን ከዓመት ብዙም አልተረፈም።

አዲሱ መንግሥት ገበያውን ከፈተ። ቶሎ የተከፈተው አንዱ የማዳበሪያ ንግድ ነው። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ አቅራቢው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ ከዚያ የግል አስመጪዎች ገቡ፣ ጅምላ ሻጩና ቸርቻሪው በየወረዳው ተነሳ። ለጉራጌ የንግድ ልምድ የተሠራ ዕድል ይመስል ነበር፤ ገጠሩን የሚያውቅ፣ መኪና ያለው፣ ገበሬው የሚያምነው ሰው ሞልቷልና።

ነገሩ አልዘለቀም፤ ያልዘለቀበት መንገድ ደግሞ የዚህ ታሪክ እምብርት ነው። ገበሬው ማዳበሪያ የሚገዛው በዱቤ ነው። ባንኩ ያለ ዋስ አያበድርም። ስለዚህ የክልል መንግሥታት በጀታቸውን ለባንክ ዋስትና አስያዙ፤ ዱቤው በወረዳ አስተዳደርና በግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወረደ፤ ዱቤውን ተከትሎም ማዳበሪያው። ሥርጭቱ ከገዢው ፓርቲ ድርጅቶች ጋር ቁርኝት ላላቸው ኩባንያዎች ሄደ፤ በአማራ አምባሰል፣ በትግራይ ጉና፣ በኦሮሚያ ዲንሾ፣ በደቡብ ወንዶ። የግል ቸርቻሪው በጥሬ ገንዘብ ሊሸጥ ይችላል፤ ገበሬው ግን ጥሬ ገንዘብ የለውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዋነኞቹ የግል አስመጪዎች ከገበያው ወጡ። ቆይቶ እነዚያ ኩባንያዎችም ወጥተው ሥራው ለመንግሥት ድርጅትና ለኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ቀረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጣሰ ሕግ አልነበረም። ዋጋ የተማከረ፣ ምርት የደበቀ ነጋዴም አልተገኘም። ገበያውን የወሰነው የበጀት ዋስትና ነው። ገበሬው ማዳበሪያ ማግኘት ነበረበት፤ ዋስትናውም ያስፈልገው ነበር። ስህተቱ ዋስትናው ሻጩን አብሮ መምረጡ ላይ ነው። ዋስትናው ለገበሬው ተሰጥቶ ገበሬው ከፈለገው ሻጭ እንዲገዛ ቢደረግ ኖሮ፣ ተመሳሳይ ገንዘብ ተመሳሳይ ማዳበሪያ ባቀረበ፣ ቸርቻሪውም በሱቁ በቆየ።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ድጋፍ የሚመለከት ቃል ፈርማ ነበር። ጥቅምት 1986 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ የኮሜሳ ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። አንቀጽ 55 ነፃ ንግድን የሚያደናቅፍ ፀረ ውድድር ድርጊትን ይከለክላል። ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው አንቀጽ 52 ደግሞ ከመንግሥት ካዝና በማናቸውም መልክ የሚሰጥና አንዳንድ ድርጅቶችን በመጥቀም ውድድርን የሚያዛባ ድጎማ፣ በአባል አገሮች መካከል ያለውን ንግድ እስከነካ ድረስ፣ ከጋራ ገበያው ጋር እንደማይጣጣም ይደነግጋል። አሳቡ አውሮፓውያን ከሮም ውል ጀምሮ የያዙት ነው፤ መንግሥት ይደግፍ፣ ነገር ግን ድጋፉ ይታይ፣ ይመዘን፣ ተወዳዳሪ አይግደል። ቃሉ ተፈረመ፤ ወደ አገር ውስጥ ሕግ ግን አልወረደም።

አገሪቱ ሚያዝያ 1995 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የውድድር ሕግ፣ የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329ን አወጣች። በገበያ የበላይነት ያለአግባብ መጠቀም፣ ተማክሮ ዋጋ መወሰንና ጨረታ መከፋፈል ተከለከለ፤ የሚመረምር ኮሚሽን በንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። አዋጁ ግን ሲጀምር ሦስት በሮች ከፍቶ ጀመረ። ለመንግሥት ብቻ በተከለሉ የንግድ ሥራዎች ላይ አይሠራም። ልማትን ያፋጥናሉ ተብለው መንግሥት በሚሰይማቸው ድርጅቶች ላይ አይሠራም። ዋጋቸው በመንግሥት በሚወሰን መሠረታዊ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይም አይሠራም። በሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ሸንጎ ሲቀመጥ ቂጫው፣ የባህሉ ሕግ፣ ለሁሉም አንድ ነው። ይህ አዋጅ ግን ትልቁን ነጋዴ ከሸንጎው ውጭ አስቀምጦ ትንንሾቹን ሊዳኝ ተሰየመ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም.፣ ኮሜሳ የውድድር ደንቡን አጸደቀ። በአዲስ አበባ የተሰማ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው የውድድር ሕግ የመጣው በኑሮ ውድነት ታጅቦ ነው። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 685 የሸማቾች ጥበቃን ከውድድር ጋር አጣመረ፤ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ለሚኒስቴሩም የመሠረታዊ ሸቀጦችን ዋጋ የመወሰን ሥልጣን ሰጠ። ሥልጣኑ ብዙ ሳይቆይ ተሠራበት። ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቢራ፣ ለስላሳ፣ በጠቅላላው ከአሥር በላይ ሸቀጦች የዋጋ ጣራ ተቆረጠላቸው። ጣራው ነጋዴው ከገዛበት ዋጋ በታች የወረደበት ጊዜ ነበር። ስኳርና ዘይት ከመደርደሪያ ጠፉ፤ ሸማቹ በቀበሌና በሸማቾች ማኅበር በር ተሰለፈ፤ «ሰው ሠራሽ እጥረት» የሚለው ቃል የየቀኑ ዜና ሆነ፣ ሱቅ ማሸግም የየቀኑ ሥራ። አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ግንቦት 2003 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከጥቂት ሸቀጦች በስተቀር ጣራውን አነሳ። በወልቂጤም በቡታጅራም ላለ ባለሱቅ «የንግድ ውድድር ሕግ» ማለት ከዚያ ወዲህ ማሸጊያ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ማለት ሆኖ ቢቀር አይፈረድበትም። ሕጉ እሱን ገበያ ከሚጠቀልል ድርጅት ሊያድነው እንደሚችል የነገረው አልነበረም።

በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ያለ ብዙ ጫጫታ የወጣ አንድ መመሪያ ከዋጋ ጣራው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው። ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ አዲስ ብድር 27 በመቶ በሚሆን ገንዘብ የባንኩን ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። ሰነዱ የሚከፍለው ወለድ 3 በመቶ ነበር፤ ባንኮቹ ራሳቸው ለቆጣቢ የሚከፍሉት ትንሹ ወለድ ደግሞ 5 በመቶ። የመንግሥቱ ንግድ ባንክ ይህ አልነካውም። የተሰበሰበው ገንዘብ በልማት ባንክ በኩል መንግሥት ለመረጣቸው ሥራዎች ዋለ። በሌላ አገር የመንግሥት ድጋፍ ማን ምን ያህል እንዳገኘ ተጽፎ የሚታይ ነገር ነው፤ የኛው ግን ከግል ባንክ ብድር ላይ ተቀንሶ ያለ ስም አለፈ። ከአዲስ አበባ ባንክ ለበርበሬ መግዣ የሚሆን ብድር የሚጠይቅ የቡታጅራ ነጋዴ «ገንዘብ የለም» ሲባል፣ ከጀርባው ይህ መመሪያ እንዳለ ማወቂያ አልነበረውም። መመሪያው የተነሳው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከስምንት ዓመት በላይ ሠርቷል። በዚህ ዘመን ውስጥ መንግሥት «አለ በጅምላ» የሚል የጅምላ መሸጫ ከፍቶ ከጅምላ ነጋዴው ጎን ቆመ።

ጥር 2005 ዓ.ም. የኮሜሳ የውድድር ኮሚሽን በማላዊ ሊሎንግዌ ሥራ ጀመረ። ከአንድ በላይ በሆኑ አባል አገሮች የሚሠሩ ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ወይም አንዱ ሌላውን ሲገዛ ለኮሚሽኑ ማሳወቅ ግዴታ ሆነ። ኢትዮጵያም መጋቢት 2006 ዓ.ም. ሦስተኛውን የውድድር ሕግ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ን አወጣች። ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነው ብል አላጋነንኩም። ተማክሮ ዋጋ የሚወስን ድርጅት የዓመት ሽያጩን 10 በመቶ ይቀጣል። ውህደት በቅድሚያ ይመረመራል። ይግባኝ የሚሰማ ጉባኤ ተቋቋመ። መርሁም ለማናቸውም የንግድ ሥራ የሚሠራ ሆነ፤ የመንግሥት ድርጅቶችም አልተለዩም። ከሥር ግን አንዲት ንዑስ አንቀጽ ቀረች፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለኢኮኖሚ ዕድገት ወሳኝ ናቸው የሚላቸውን የንግድ ሥራዎች በደንብ ነፃ ሊያደርግ ይችላል። የ1995ቱ ሦስት በሮች ተዘግተው አንድ መስኮት ተከፈተ። ስለ መንግሥት ድጋፍ ዛሬም አንድ ምዕራፍ የለውም።

ሕጉ ለጉራጌ ከተሞች ቅርብ የሆነው በቢራ በኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. ከወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ላይ ዘቢዳር ቢራ ማምረት ጀመረ። ስሙን ከጉራጌ ትልቁ ተራራ ወሰደ። ጀማር የተባለው አክሲዮን ማኅበር ከቤልጂየሙ ዩኒብራ ጋር ያቆመው ፋብሪካ ነው፤ አክሲዮን የገዙት ብዙዎቹ የአካባቢው ተወላጆች ነበሩ። እቁብ ያሳደገው ልማድ ፋብሪካ ወለደ ቢባል ማጋነን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘቢዳር በፈረንሳዩ ካስቴል ባለቤትነት ወደሚሠራው ቢጂአይ እጅ ገባ። ቢጂአይ የጊዮርጊስ ቢራ ጠማቂ ነው፤ ራያንም ጠቀለለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በወልቂጤ መንገድ ላይ ሰበታ ያለውን ሜታን ከዲያጆ ገዛ። ካስቴል በማላዊም፣ የሊሎንግዌው ኮሚሽን ባለበት አገር፣ ቢራ ይጠምቃል። እንዲህ ያለ ኩባንያ ሲያድግ ማደጉ ጥፋት አይደለም፤ በጀማር ሼር የገዛው ሰውም ሲሸጥ ትርፉን የማግኘት መብት አለው። ነገር ግን ከወልቂጤ እስከ ሰበታ ባለው መንገድ ስንት የቢራ ባለቤት ቀረ፣ ግሮሰሪው የማንን ቢራ ብቻ እንዲይዝ ይገደዳል፣ የአከፋፋዩ ውል ምን ይላል የሚለውን የሚመረምር ብርቱ መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

መጋቢት 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያ በዓመቱ አጸደቀችው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። የውድድር ፕሮቶኮሉን የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የካቲት 2015 ዓ.ም. ተቀበሉት፤ 22 አገሮች ሲያጸድቁት ሕግ ይሆናል፤ የአህጉር የውድድር ባለሥልጣንም ያቋቁማል።

በዚህ መሃል አዲስ አበባ የሄደችው በተቃራኒው ነው። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ቁጥር 1263 ሲወጣ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ፈረሰ፤ ሥልጣኑ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሰጠ። ስሙ ላይ «ቀጣናዊ ትስስር» የገባበት ሚኒስቴር፣ ቀጣናው ነፃ እንዲሆን የሚጠይቀውን መሥሪያ ቤት ዋጠው። ፈቃድ የሚሰጠው፣ ዋጋ የሚቆጣጠረውና የውድድር ክስ የሚመረምረው አንድ ቤት ሆነ። ኬንያ በ2003 ዓ.ም. ባወጣችው የውድድር ሕግ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን አቁማ ነበር።

ድጋፉ ግን እየተለቀ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የስኳርን፣ የምድር ባቡርንና የሌሎች የመንግሥት ድርጅቶችን በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዕዳ ወሰደ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ንግድ ባንክን ለመታደግ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ጸደቀ። ባንኩ ቢወድቅ የአገሪቱ ቆጣቢ አብሮ ይወድቅ ነበርና ማዳኑን አልቃወምም። ነገር ግን ሌላ አገር እንዲህ ያለ ድጋፍ ሲሰጥ ቅድመ ሁኔታ ይጽፋል፤ ተወዳዳሪ ባንኮች ምን ያጣሉ፣ ድጋፉ መቼ ያበቃል፣ የዳነው ባንክ በገበያው ላይ ምን እንዳያደርግ ይታገዳል ብሎ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሕግ እንዲጠይቅ የታዘዘ የውድድር ባለሥልጣን የለንም።

በእነዚህ ዓመታት የጉራጌ ከተሞች ራሳቸው ሌላ ካርታ ላይ ሰፈሩ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቋመ፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆኑ። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 አስመጪነትን፣ ላኪነትን፣ ጅምላንና ችርቻሮን ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በሦስት ወር ልዩነት፣ ለአገሬው ብቻ ታጥሮ የነበረው ሥራ አጥሩ ወረደ።

አጥሩ መውረዱን የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። የጉራጌ ነጋዴ ህንዱንና አረቡን የተወዳደረው ያለ አጥር ነው፤ አሁንም ሊወዳደር ይችላል። የሚጎዳው፣ በአንድ በኩል የውጭ ካፒታል፣ በሌላ በኩል ዕዳው የተወሰደለት የመንግሥት ድርጅት ቆመው፣ እሱ በመሃል ያለ ዳኛ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሕጉ መጻፍ ያለበት ነገር የታወቀ ነው። ለድርጅቶች የሚሰጥ ማናቸውም ድጋፍ፣ ብድር ይሁን ዋስትና፣ የዕዳ ስረዛ ይሁን የቀረጥ ምሕረት፣ ተቀባዩ፣ መጠኑና ማብቂያው በዝርዝር ይታተም። የውድድር ባለሥልጣኑ ተመልሶ ይቋቋም፣ ተጠሪነቱም ለተወካዮች ምክር ቤት ይሁን። በአዋጅ 813 የቀረችው መስኮት ትዘጋ። ቅርንጫፉም አዲስ አበባ ብቻ አይቅር፤ በሆሳዕና፣ በወልቂጤና በቡታጅራ አቤቱታ የሚቀበል ሰው ይቀመጥ።

በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ኢትዮጵያ በአህጉራዊው ቀጣና ሥር መገበያየት ጀመረች፤ ኬንያም ከመጀመሪያዎቹ መዳረሻዎች አንዷ ናት። የቡታጅራ በርበሬ በአይሱዙ ሞያሌን ቢሻገር ተወዳዳሪ ይገጥመዋል። ያ ኬንያዊ ነጋዴ በደል ደረሰብኝ ሲል ናይሮቢ የሚያመለክትበት ባለሥልጣን አለው። የቡታጅራው ማመልከቻውን የሚያስገባው ፈቃዱን ለሚያድስለት ሚኒስቴር ነው።